አያ ተገኘ ወንፈል አለባቸው

እኔን ደግ ናት ብሎ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህንን አስቀድሜ መናገሬ፣ ወጌን ከሰማችሁ በኋላ «አይ ምስኪን፣ ደግነቷ ነው የጎዳት» እንዳትሉኝ ነው። የጎዳኝ አፌ ነው። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እኔ ሳላስብ አፌ ቀድሞ ቃል ይገባል። ከዚያ በኋላ እሱ አርፎ ይቀመጣል፣ እጅና እግሬ ይለፋሉ።

ወረታ የመጣሁት በመንግሥት ሥራ ተዛውሬ ነው። አዲስ አበባ ስንሰነባበት አለቃዬ «ለጥቂት ጊዜ ነው» ብለውኝ ነበር። ጥቂት ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም። የተከራየኋት ክፍል ከተማው አልቆ ሩዙ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ናት፤ በፊት ለፊት የጎንደር መንገድ ጭነት መኪና ያጓራል፣ በጓሮ በኩል እንቁራሪት ይጮኻል። አከራዬ እታለም ጥሩ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የጓሮውን የሩዝ ማሳ ራሳቸው የሚያስተዳድሩ፣ ሲስቁ የሚቀመጡበት የሚፈልጉ ሴት ናቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው ግቢ የአያ ተገኘ ነው። ጣጣዬም የመጣው ከዚያ ግቢ ነው።

የአያ ተገኘን ዕድሜ በትክክል የሚያውቅ የለም። እሳቸውም እንደጠያቂው ነው የሚመልሱት። ለሐኪም ይቀንሳሉ፣ መቀመጫ ለማይለቅላቸው ወጣት ይጨምራሉ። ሚስታቸው ካረፉ ቆይቷል። ያለቻቸው ልጅ ውዴ ብቻ ናት፤ ባሕር ዳር ትዳር ይዛ ትኖራለች። ሐምሌ ላይ ጓሯቸው ውስጥ ጭቃ አንሸራቷቸው ወደቁና፣ ጋሽ ሞላ የሚባሉት ጎረቤት ከብት እየነዱ ሲያልፉ እስኪያዩዋቸው ድረስ ዝናብ እየወረደባቸው ተጋድመው ቆዩ። እግዜር ይመስገን አጥንታቸው አልተሰበረም። ወሬው ግን ባሕር ዳር ሲደርስ እግራቸውንም ወገባቸውንም ሰብሮ ነው የደረሰው። ውዴ እያለቀሰች መጣች፤ ይዣቸው እሄዳለሁ አለች። እሳቸው የበራቸውን መቃን ጨብጠው «ከዚህ ቤት የምወጣው ለቁሐር ሚካኤል ነው» አሉ። ለመቀበር ማለታቸው ነው።

ነገሩ የታየው እሑድ በሰንበቴ ላይ ነው። እኔ የሰንበቴው አባል አይደለሁም፤ እታለም ጥሩ «ነይ ቅመሺ» ብለውኝ የሄድኩ እንግዳ ነኝ። እንግዳ ሰው ዳቦውን በልቶ ዝም ይላል። ጋሽ ሞላ ተነሥተው፣ ሽማግሌው ቤታቸው እንዲኖሩ ከፈለግን ቀን ተከፋፍለን ውኃቸውን እንቅዳ፣ ምግባቸውን እናድርስ፣ ማታ ማታ ደጃቸውን እንይ አሉ። ሰው ሁሉ ተስማማ። ሰኞን አንዱ ወሰደ፣ ማክሰኞን ሌላው። ቅዳሜ ሲባል ዝም ተባለ። «እኔ ቅዳሜ ምን ሥራ አለኝ!» አለ አፌ። ሁሉም ዞረው መረቁኝ። ምርቃት ከተቀበሉ በኋላ ወደ ኋላ የለም።

ውዴ እያቅማማች እሺ አለች። ግን እንቁጣጣሽ ሳይደርስ ሳትናገር መጥታ እንደምታይ አስጠነቀቀች። ወድቀው ወይም ብቻቸውን ተጥለው ካገኘቻቸው ይዛቸው ትሄዳለች፤ ያን ጊዜ ሽምግልና የሚልክባት እንዳይኖር። ይህ ሁሉ ሲሆን አያ ተገኘ ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ስለሌላ ሰው የሚወራ ይመስል ያዳምጡ ነበር። መጨረሻ ላይ ብቻ ቀና አሉ።

«ምጽዋት ከሆነ ደጄን እዘጋለሁ» አሉ። «ደቦ እንዳልለው የምደግስበት የለኝም። ወንፈል ከሆነ ግን ይሁን።»

ሁሉም ይሁን አለ። እኔም ይሁን አልኩ። ወንፈልን የማውቀው ከትምህርት ቤት ነው፤ «ገበሬዎች በጋራ የሚሠሩበት ባህላዊ ዘዴ» ብዬ በፈተና ላይ መልሼ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ዛሬ አንተ ለእኔ ትውላለህ፣ ነገ ደግሞ እኔ ለአንተ እውላለሁ፣ ያልመለሰ ሰው ሰው አይባልም ማለት እንደሆነ ፈተናው አልጠየቀኝም።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ አማረልኝ። ውኃ ቀዳሁ፣ ቤት ጠረግሁ፣ ጋቢያቸውን አጠብኩ፣ የሠራሁትን ሽሮ አቀረብኩ። ሽሮው ላይ ጨው መርሳቴን እንኳ በዝምታ አለፉልኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ ራሴን እንደ ጻድቅ ነበር የማየው። እሑድ በዓል ነው፣ አለፈ። ሰኞ ጎህ ሳይቀድ በሬ ተደበደበ። ነጠላ ደርቤ ብከፍት፣ አያ ተገኘ በአንድ እጃቸው ከዘራ በሌላው ምሣር ይዘው ቆመዋል።

«ወንፈሌን ልመልስ መጣሁ። እንጨትሽ የት ነው?»

እንጨት የለኝም። የማበስለው በኤሌክትሪክ ነው። ይህንን ስነግራቸው ገብተው ምድጃዬን አዩ። ከዚያ ቤቴን ቃኙት። ከብት የለሽም፣ ዶሮ የለሽም፣ ውሻም የለሽ፣ ለመሆኑ ማን ነው የሚቀሰቅስሽ ብለው ጠየቁኝ። ስልኬ ነው አልኩና አሳየኋቸው። ስልኩን ሳይሆን እኔን ነበር በሐዘን የተመለከቱኝ። ምሣሩን እንደያዙ በርጩማዬ ላይ ተቀመጡ። ሥራ እስኪገኝ ይጠብቃሉ ማለት ነው። እኔ ቢሮ መግባት አለብኝ፣ እሳቸው ደግሞ ወንፈል ሳይመልሱ አይሄዱም። በመጨረሻ የቁም ሣጥኔ በር እንደሚያላዝን ትዝ አለኝ። ግማሽ ቀን ሙሉ ሠርተውት ማላዘኑን ተወ። በእርግጥ ከዚያ ወዲህ አይከፈትም፤ ግን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

በሚቀጥለው ሰኞ የጠረጴዛዬን እግር አስተካከሉ። ከዚያ በኋላ የመስኮቱን መቀርቀሪያ። ከዚያ በኋላ ቤቴ ውስጥ የሚጠገን አለቀ። የተማረ ሰው ዘዴ አያጣም አይደል፤ እሑድ ማታ መዶሻ ተውሼ የደህናውን ወንበር እግር እየመታሁ ማላላት ጀመርኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። ቁጭ ብዬ ስደበድብ እታለም ጥሩ በበሩ ብቅ አሉ። ምን እያደረግሽ ነው አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። እንደልማዳቸው መቀመጫ ፈለጉ፤ ያላላሁት ወንበር ላይ ተቀመጡና ከነሣቃቸው መሬት ወረዱ።

እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ እጄን ይዘው ወደ ጓዳቸው ወሰዱኝና ማጭድ አሳዩኝ። እጀታው ወልቋል። በየሳምንቱ ራሳቸው ያወልቁታል፣ አያ ተገኘ በየሳምንቱ ይሰኩታል። ጋሽ ሞላማ ይብሳሉ አሉኝ፤ ደህናውን የላም ገመድ በካራ እየቆረጡ «በላብኝ» እያሉ ይሰጧቸዋል፤ አያ ተገኘ ቁጭ ብለው አዲስ ይገምዱላቸዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፈሩን በሌላ ዓይን አየሁት። ከመንገዱ እስከ ሩዙ ድረስ ያለው ሕዝብ ማታ ይሰብራል፣ አያ ተገኘ ጠዋት ይጠግናሉ። ጤነኛ ዕቃ ያለው ቤት ሲጠፋ ሰዎች መጥረቢያ የሚዋሱት ከሌላ ሰፈር ሆነ።

እውነት ለመናገር ግን ሽማግሌው አማረባቸው። ድሮ ከቤታቸው ወጥተው ደጃቸው ላይ ፀሐይ ከመሞቅ በቀር የትም አይሄዱም ነበር። አሁን ጠዋት ሲወጡ የሚቸኩሉበት አላቸው። «ነገ የሞላ ነኝ፣ ከነገ ወዲያ የጥሩ» ይላሉ፤ በድምፃቸው ውስጥ ኩራት አለ። እኔ ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ የሚከዳው ዓይኑ ወይም ጉልበቱ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ከዚያ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው «እስቲ ይህንን ያዝልኝ» የሚለው ሰው ነው። ሁሉም «አይነሡ፣ አይድከሙ፣ ይቀመጡ» ይለዋል። በአክብሮት እያስቀመጡት፣ አንድ ቀን ተቀምጦ ይቀራል።

ይህንን ያህል ካሰብኩ ዘንድ በልክ ብሰብር ምን ነበረበት። ነሐሴ እያለቀ ሲሄድ ክፍሌ ውስጥ የቀረ ነገር ስለሌለ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ግቢውን ከእታለም ጥሩ ሩዝ የሚለይ አጥር አለ። ለሰኞ ላላ ብሎ ይቆይ ብዬ አንዱን ቋሚ ወዝውዤ ወዝውዤ ነቀልኩትና መልሼ አስደገፍኩት። የትኛው ቋሚ የትኛውን እንደሚይዝ አላውቅም። ለካ የነቀልኩት የማዕዘኑን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የጥርስ ብሩሽ አፌ ውስጥ እንዳለ እታለም ጥሩ ሲጮኹ ሰማሁ። የጋሽ ሞላ ላሞች ወደ ግጦሽ ሲያልፉ አንዷ ጎኗን አጥሩ ላይ ብታክ፣ ከዳር እስከ ዳር ተጋደመላት። ላሞቹ ግብዣ መስሏቸው ተከታትለው ሩዙ ውስጥ ገቡ። ስደርስ አያ ተገኘ ከራሳቸው ግቢ አይተው ከእኛ ሁሉ ቀድመዋል፤ ከዘራቸውን እያወናጨፉ ማሳው መሐል ናቸው። ላሞቹን ወደ ውጭ መለሷቸው። ራሳቸው ግን መመለስ አልቻሉም፤ የማሳው ዋልካ ጭቃ እስከ ጉልበታቸው ውጧቸዋል። እኔም ሳላስብ ዘልዬ ገባሁ። ሁለት እርምጃ ሳልሄድ አንድ ጫማዬን በላብኝ፣ ቀጥሎ እኔን ያዘኝ።

«አትታገይው» አሉኝ አያ ተገኘ ተረጋግተው። «ማጥ የሚታገለውን ይወዳል።»

ሁለታችን ሩዙ ውስጥ ተተክለን፣ እኔ አፌ ዙሪያ የጥርስ ሳሙና አረፋ ይዤ፣ ጋሽ ሞላ ከዳር ሆነው ገመድ ሲፈልጉ ውዴ ደረሰች። መጀመሪያ የገባችው አባቷ ቤት ነው። በሩ ክፍት፣ አልጋው ባዶ። ጩኸቱን ተከትላ ስትመጣ ይህንን አየች። ጋሽ ሞላ ለገመድ አንድ ቤት ሄደው አጡ፣ ሌላ ቤት ሄደው አጡ፤ የሰፈሩ ገመድ ሁሉ ተቆርጦ ጥገና ላይ ነው። ያን ጊዜ ነው የተሸበርኩት። ሰውየውን ልናስወስዳቸው ነው፤ ያስወሰድኳቸውም እኔ ነኝ።

«አልወደቁም» አልኳት ከጭቃው ውስጥ ሆኜ። «እይ፣ ቆመዋል።»

አልሳቀችም። በመጨረሻ የእታለም ጥሩን ነጠላ ወርውረው ጎትተው ሲያወጡን፣ አባቷን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ተናገረችን። ይጦሯቸዋል ብዬ አምኜ ሄድኩ፣ እናንተ ግን በዚህ ዕድሜያቸው ሎሌ አደረጋችኋቸው አለች። ለካ ባለፈው ሳምንት አንድ የምታውቀው ሰው አባቷ ገመድ ሲገምዱ፣ ሌላው ደግሞ ማጭድ ሲሰኩ አይቶ ነግሯት ነው የመጣችው። አንጀቷ አርሮ ነበር። ሎሌ የሚለው ቃል ጋሽ ሞላን አንገታቸውን አስደፋቸው። እኔ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ግን ታውቁታላችሁ።

«ሥራ ሰጥተናቸው አይደለም» አልኳት። «አጥሩን ትናንት የነቀልኩት እኔ ነኝ። እንዲጠግኑ ብዬ ነው። ወንበሬንም እኔ ነኝ የምሰብረው።»

እታለም ጥሩ ማጭዱን ተናዘዙ። ጋሽ ሞላ ገመዱን። ሌሎችም ከኋላ አንድ አንድ እያሉ ተናገሩ፤ ድስት ያጣመመ፣ ደጃፉን የናደ፣ ሁሉም ወጣ። ውዴ አፏን ይዛ ቀረች፤ ቁጣዋ ወደ ሳቅ ይሁን ወደ ልቅሶ እንደሚሄድ አልታወቃትም። እኔም ተገላገልን ብዬ ዞር ስል አያ ተገኘን አየኋቸው። የወደቀው አጥር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን በሣር ይጠርጋሉ። ቀና አላሉም።

«እና የከረምኩት የሰበራችሁትን ስጠግን ነው?» አሉ።

እኛ ከልጃቸው ቁጣ ለመዳን ስንል ሽማግሌውን በአደባባይ ራቁታቸውን አቆምናቸው። ከወደቁበት የሐምሌ ጭቃ ይልቅ ይህኛው እንደጎዳቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። እታለም ጥሩ ማልቀስ ጀመሩ። ጋሽ ሞላ ጥፋቱ የላሟ ይመስል በዱላ ነካ አደረጓት።

«ውዴ፣ ጋቢዬን አምጭልኝ» አሉ። «እሄዳለሁ።»

ይህንን ለመስማት ከባሕር ዳር የመጣችው ልጅ ሰምታው ደስ አላላትም። ቆማ ቀረች። እሳቸው ጋቢውን ሲጠብቁ ዓይናቸው ከሥራቸው ያለውን አጥር ተመለከተ፣ ከዚያ የተረገጠውን ሩዝ፣ ከዚያ ደግሞ እኔን።

«ማዕዘኑን ነቀልሽው?»

«አዎ።»

«ማዕዘን ይነቀላል?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በከዘራቸው የአጥሩን ርብራብ መታ መታ አደረጉ። «ይኼኛውስ የእውነት ነው የፈረሰው» አሉ። «የሰው ሩዝ ለከብት ትቼ አልሄድም። ምሣር አምጡ። ይኼን አቁሜ እሄዳለሁ።»

ሠራን። እሳቸው ተቀምጠው አዘዙ፤ የሚጠረበውን ራሳቸው ጠረቡ። ውዴ መጀመሪያ ዳር ቆማ ነበር። «አንች፣ ቋሚውን ያዥልኝ» ሲሏት የከተማ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ዝናብ አካፋብን፣ ቆመ፣ እንደገና አካፋብን። በመሐል እታለም ጥሩ ሌላ ቋሚ ሲያቀብሏቸው፣ አያ ተገኘ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ቤታችሁ የእውነት ሥራ ጠፍቶ ነው ወይ ብለው ጠየቋቸው።

«ሥራማ ሞልቶ ተርፏል» አሉ እታለም ጥሩ። «እንዳይደክሙብን ብለን ነው ቀላል ቀላሉን የሰበርን።»

«ድካሙንማ እኔ ልወቀው» አሉ አያ ተገኘ።

እኔ በበኩሌ ይህንን አባባል እስከዛሬ አልረሳሁትም። ሳንጠይቃቸው ደክመዋል ብለን የወሰንን እኛ ነን፤ በጎ ያደረግን መስሎን።

የእውነት ሥራ ለመጠየቅ መጀመሪያ የደፈሩት ጋሽ ሞላ ናቸው። ሩዜ ሊያሸት ነው፣ ልጆቹ ደግሞ ትምህርት ቤት ይገባሉ፣ ማማ ላይ ተቀምጦ ወፍ የሚጠብቅልኝ አጥቻለሁ አሉ። አያ ተገኘ ውሸት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ፊታቸውን በደንብ መረመሩት። ከዚያ ማማው በቅጡ የቆመ መሆኑን፣ መሰላሉ ስንት ርብራብ እንዳለው፣ ጠዋት ማን እንደሚያወጣቸው ጠየቁ። እሄዳለሁ ያለ ሰው መሰላል አይጠይቅም። ማናችንም ግን አፍ አውጥተን አላልናቸውም፤ እኔ እንኳ።

አጥሩ ሲቆም ውዴ እጇን ታጥባ የታዘዘችውን ጋቢ ከቤት አመጣች። አባቷ ጠሯት።

«አንችም ዛሬ ውለሽልኛል» አሏት። «ያንችም ቀን አለብኝ። ሩዙ ሲታጨድ ባሕር ዳር እመጣና ወንፈልሽን እመልሳለሁ። ከዚያ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።»

ውዴ ጋቢውን አጥፋ በእጇ እንደያዘች አየቻቸው። «እሺ» አለች። ሄዳ ጋቢውን አልጋቸው ላይ መለሰችው።

ባጃጅ ተጠርቶላት እስከ አስፋልቱ ሸኘኋት። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። ገብታ ከተቀመጠች በኋላ እጄን ያዘችኝ።

«የእኔ ቤት ሲሚንቶ ነው፣ በሩም ብረት ነው» አለችኝ። «ሲመጡ ምን ልስበርላቸው?»

«ምንም አትስበሪ። የእውነት የሚያስፈልግሽን ጠይቂያቸው።»

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል።

«የሚያስፈልጉኝማ እሳቸው ናቸው» አለች። «እናቴ ከሞተች ወዲህ ልጄ የሚለኝ ሌላ ማን አለኝ።»

«ነግረሻቸው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ሁልጊዜ የምነግራቸው፣ እኔ እንደማስፈልጋቸው ነው።»

ከባጃጁ ወረደችና ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ በመጣንበት ጭቃ ተመለሰች። ሾፌሩ ዕቃ ረስታ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ ትንሽ ጠብቃት አልኩት። ሞተሩን አጠፋ።